«አይስጡ» የሚለው ቁልፍ

መምህር ጸጋው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ይዞት የመጣው ትምህርት ስሙ ብቻ አንድ ሙሉ መስመር ይፈጃል፤ «የሙከራ ቪዲዮ ዝግጅት ለድረ ገጽና ለተመልካች ምርጫ»። የኮሌጁ ዘበኛ ይህን በሩ ላይ ተለጥፎ ባየ ቁጥር «አሁንም አልተሳካም እንዴ?» እያለ ይጠይቃል። ለቀልድ አይደለም፣ ከልቡ አዝኖ ነው።

ትምህርቱ ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ደስ የሚል ትምህርት ነበር። ተራ ፊልም ተጀምሮ ያልቃል። የጸጋው ፊልም ግን መሐል ላይ ቀጥ ይልና ተመልካቹን ይጠይቃል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁልፍ ይመጣል፤ አንዱን ስትጫን ታሪኩ በዚህ ይሄዳል፣ ሌላውን ስትጫን በዚያ። እንግዲህ ቀራጩ ሁለቱንም መንገድ ቀርጾ ማስቀመጥ አለበት ማለት ነው። ጸጋው ይህን ሲያስረዳ ዐይኑ ያበራል። «በእኛ ሥራ የሚዘጋ በር የለም! ደግሞም የተቀረጸ አይቆረጥም፤ ስሕተት የምትሉት ነገር እሱ ራሱ ሥራው ነው!» ይላል። ተማሪዎቹም ይጽፋሉ።

ችግሩ ሰውዬው ትምህርቱን ቤቱ ድረስ ይዞት መግባቱ ነው። ሉማሜ ላይ ፍቅርአዲስ የምትባል አዋላጅ ነርስ አለች። አራት ዓመት ሙሉ ይወዳታል፣ ትወደዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ በሚኒባስ ሉማሜ ይወርዳል፤ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ሲሣሣቁ ይውላሉ። «ሽማግሌ መቼ ትልካለህ?» ስትለው ግን «እስኪ እናያለን» ነው መልሱ። ኧረ ለመሆኑ ምን የሚታይ ነገር ቀረህ ወንድሜ? ባለፈው ወር ደግሞ አላፈረም፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት።

«ያንተ እንቁላል አራት ዓመት ተቀምጦ ገማ!» አለችው ፍቅርአዲስ። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። «ስማ ጸጋው፣ ወደ ሐዋሳ ዝውውር ወጥቶልኛል። ጥምቀት ሳይደርስ ቃልህን ካልሰማሁ እሄዳለሁ። ከሄድሁ ደግሞ አልመለስም።»

ጸጋው ደነገጠ። ምግብ አልበላ አለው፤ እንቅልፍ እንቢ አለው። ታዲያ ምን አደረገ ብትሉኝ ምንም! ለተማሪዎቹ የማጠቃለያ ሥራ ሰጠ።

ርእስ ምረጡ ሲላቸው ወለተ ሐዋርያት እጇን አወጣች። ከአማኑኤል የመጣች፣ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምታይ ልጅ ናት። «መምህር፣ ሽምግልና ብንቀርጽስ? ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ይሄዳሉ። የልጅቱ አባት አፉን ሊከፍት ሲል ቪዲዮው ይቆማል። ከዚያ ሁለት ቁልፍ፤ አንዱ ‹ይስጡ›፣ አንዱ ‹አይስጡ›። ተመልካች ይወስን።»

«ግሩም!» አለ ጸጋው። የገዛ ጉድጓዱን እያስቆፈረ መሆኑ የት ታይቶት!

ተዋናይ የት ይገኛል ሲባልም ወለተ ሐዋርያት እውነተኛ ሽማግሌዎችን ይዛ መጣች። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ሁለተኛው አቶ ባዘዘው፣ ገብተው ያላበረዱት ጠብ የለም። ሦስተኛው ደግሞ ጆሯቸው ከበድ ያለ ሽማግሌ ናቸው፤ ቢሰሙም ባይሰሙም የሚመልሱት አንድ ነው፤ «እውነት ነው!»

ጸጋው ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር አስቀምጦ ሥራውን አስረዳቸው። መሪጌታ በጥሞና ሰሙና «መልካም። ለማን ነው የምንጠይቀው?» አሉ።

«ለማንም አይደለም አባቴ። ለቪዲዮ ብቻ ነው።»

«ለማንም ሽማግሌ አይላክም። የሰው ደጅ ቆሜ ‹ለማንም ስጡኝ› ልበል? ውሻ ይለቁብኛል እኮ!»

«እሺ፣ ለአንድ ወጣት ነው እንበል።»

«ስሙ ማነው?»

«የፈለጉትን ስም ይስጡት።»

አቶ ባዘዘው ተቆጡ። «የማላውቀውን ሰው ‹ጨዋ ነው፣ የጨዋ ልጅ ነው› ብዬ ልመስክር? ነፍሴንስ የት ላደርጋት ነው?»

«እውነት ነው!» አሉ ሦስተኛው።

ጸጋው እጁን ሰጠ። «እሺ፣ እሺ! በእኔ ስም ይሁን። ጸጋው በሉ።» ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

«ልጅቱስ?»

እዚህ ላይ እንግዲህ ከአገር ሴት ስም አንዱን ጠርቶ መገላገል ይችል ነበር። ማን ይከለክለዋል? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ጸጋው ግን ጠላ እንኳ ሳይቀምስ አወጣው። «ፍቅርአዲስ» አለ። «የማን ልጅ?» ሲሉትም «ዓባይ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «የአማኑኤሉ ዓባይ?» አሉ መሪጌታ።

«ለቪዲዮ ነው እኮ አባቴ! ስም ብቻ ነው!»

«ገባን፣ ገባን። ደግ ሰው ነው ዓባይ። ቅዳሜ እንሄዳለን» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ተነሡ። ወለተ ሐዋርያት አጠገባቸው የካሜራ መስተዋት ስትጠርግ ነበር። ቀና አላለችም።

ቅዳሜ በሚኒባስ አማኑኤል ወረዱ። ተማሪዎቹ ከመንገዱ ዳር አንድ ባዶ ቤት ለቀረጻ አሰናድተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ መብራት ሰቅለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ከሚኒባሱ ወርደው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ያንን ቤት አልፈውት ሄዱ።

ጸጋው ከኋላ ሮጠ። «አባቶች! ቤቱ ያ ነው! አለፋችሁት!»

«እዚያ ቤት ሰው የለም» አሉ አቶ ባዘዘው ሳይዞሩ። «ሰው የሌለበት ቤት ልጅ አይጠየቅም።»

አቶ ዓባይ፣ የእውነቱ አቶ ዓባይ፣ የፍቅርአዲስ አባት፣ ደጃቸው ላይ የጤፍ ጭድ ሲከምሩ ደረሱባቸው። ሦስት ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ካሜራ የተሸከሙ ተማሪዎች፣ ከሁሉም ኋላ ፊቱ ዐመድ የመሰለ መምህር። መንሹን ጣሉት። «ግቡ እንጂ! ቤት ለእንግዳ!»

ገቡ። ጸጋው የካሜራውን ማቆሚያ ትራይፖድ ሲተክል መሪጌታ አዩት። «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሽማግሌ ላኪ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ አባቴ።»

መሪጌታ ትንሽ አሰቡ። የሦስተኛውን ሽማግሌ ጋቢ ከትከሻቸው ገፈፉና ጸጋውን ከነካሜራው ሸፈኑት። ለመስተዋቱ ብቻ ቀዳዳ ተዉለት። «አሁን የለህም» አሉት።

«እውነት ነው!» አሉ ባለጋቢው እየበረዳቸው።

አቶ ዓባይ «ተቀመጡ» ቢሉ ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ካሜራው የተተከለው ለተቀመጠ ሰው ስለሆነ የያዘው ከአንገታቸው በታች ያለውን ነው። ጸጋው ጋቢ ውስጥ ሆኖ እንኳ ልማዱ አልለቀቀውም፤ «ግሩም ነው፣ እንዳይነካ» ብሎ አንሾካሾከ።

መሪጌታ ጉዳዩን ተናገሩ። አነጋገራቸውስ! የጸጋውን ጨዋነት፣ ትምህርቱን፣ አንገቱን ደፍቶ መሄዱን ሲዘረዝሩ ጋቢው ሥር ያለው ሰው ራሱ ‹ይኼ ልጅ ማነው፣ ልጅ ቢኖረኝ እሰጠው ነበር› ሊል ምንም አልቀረው። ከዚያ ቪዲዮው የሚቆምባት ቦታ መጣች። የአገሩ ወግ እንደሆነ የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም፤ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። አቶ ዓባይም «ዘመድ…» ብለው ጀመሩ፤ ጀመሩና ግን ተዉት።

«ምን አማክራለሁ? ሌላው ሰው ሽማግሌ ሲላክበት ነው የሚያማክር፤ እኔ እስኪላክ ድረስ አራት ዓመት ስመክር ኖርሁ! ሰጥቻለሁ። እኔ በበኩሌ ሰጥቻለሁ። ልጅቱን ግን ማንም በግድ አይሰጣትም፤ የቀረው የእሷ ቃል ነው።»

ከጓዳ እልልታ ቀለጠ። እናትየው ለካ እዚያ ኖረዋል።

ጸጋው መቅረጫውን አጠፋና ጋቢው ተነቃነቀ። «በጣም ጥሩ!» አለ ከውስጥ። «አሁን ሁለተኛውን እንቅረጽ። አቶ ዓባይ፣ እባክዎ አሁን ደግሞ ‹አልሰጥም› ይበሉልን።»

እልልታው ተቋረጠ። አቶ ዓባይ ፊታቸው ጠቆረ። «ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«ኧረ ምንም! ተመልካቹ እንዲመርጥ ነው። አንዱ ‹ይስጡ› ሊል ይችላል፣ አንዱ ‹አይስጡ›።»

«ተመልካቹ ማነው? ዘመድ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«አይደለም፣ ማንም ሰው ነው።»

«ማንም ሰው በሰው ልጅ ጋብቻ ምን አገባው? ደግሞ ሽማግሌ አንድ አፍ ነው ያለው። አሁን ለምኜ ያገኘሁትን ተመልሼ እንዳላገኘሁ ልሁን? ይኸ ተመልካች የምትለው ሰውዬ የት ነው ያለው? አምጣልኝ!»

ጸጋው ከጋቢው እጁን አውጥቶ የካሜራውን መስተዋት ጠቆመ። መሪጌታ ወደ መስተዋቱ ጎንበስ አሉ፤ ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው። «አንተ!» አሉ። ወለተ ሐዋርያት ከጎን ጣቷን ሰዳ መቅረጫውን ተጫነች፤ በእጇ የያዘችውን ሁለተኛ ካሜራም አበራች።

«አንተ! አይስጡ ብለህ የተጫንህ! የማን ልጅ ነህ? የሰው ትዳር ሲፈርስ ደስ ይልሃል? ያች ጣትህ ምን በድለናት ነው? ተቀመጥ፣ እመክርሃለሁ።» ከዚያ መከሩት። አቶ ባዘዘው ተቀበሏቸውና እሳቸውም መከሩት። ሦስተኛው «እውነት ነው!» እያሉ አጸኑ። በመሐል ጠላ ቀረበ፤ ጠጥተው ቀጠሉ። ጸጋው «ይበቃናል አባቶቼ» ቢል ማን ሰምቶት። በመጨረሻ መሪጌታ ጋቢውን ገለጡና «አንተስ?» አሉ። «በጎ ልጅ ነህ። ሁለተኛው መንገድ ለምን አስፈለገህ?»

ጸጋው ካሜራው የጠፋ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላቸው። ምን እንዳለ ሰዓቱ ሲደርስ እነግራችኋለሁ። ከቤቱ ሲወጡ ብቻ ወለተ ሐዋርያት በእጅ ካሜራዋ እሱን መቅረጿን ሲያውቅ ደንግጦ «ያችን የመጨረሻዋን ቁረጫት፣ አደራ» አላት። «እሺ መምህር» አለች።

ቪዲዮው ድረ ገጽ ላይ ወጣ፤ ሊንኩ በቴሌግራም ዞረ። አቤት ጉድ! ሰው መቼም የተከለከለ ይወዳል፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚጫነው «አይስጡ» የሚለውን ነው። ሲጫነው መሪጌታ «አንተ!» ብለው ብቅ ይላሉ። ደብረ ኤልያስ ላይ አንድ ባለሱቅ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ ተባለ። ምክሩን የሚጨርስ የለም፤ ሁሉም እየሮጠ ይመለስና «ይስጡ»ን ተጭኖ፣ እልልታውን ሰምቶ፣ ኅሊናው አርፎ ይተኛል። አንዳንዱማ ጧት ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ «ይስጡ»ን መጫን በረከት አደረገው። ጸጋውን መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይለዋል። ዘበኛው በሁለት እጁ ጨበጠውና «ሙከራው ተሳካ!» አለው።

ፍቅርአዲስም ደወለች። «ሽማግሌ ላክህ አሉ» አለች።

ይኼኔ «አዎ» ማለት ምን ነበረበት? ሁለት ፊደል ናት! ጸጋው ግን «እ… ለቪዲዮ ነው» አለ።

«ለቪዲዮ?» አለች፣ እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብላ። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ቢደውል አታነሣም። ቅዳሜ ሉማሜ ቢወርድ ሻይ ቤቱ ባዶ ነው። ሰውዬው ያን ቀን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ይበለው አልልም፣ አሳዝኖኛል።

ሥራው ለግምገማ የቀረበው በሳምንቱ ማክሰኞ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ፕሮጀክተር በርቶ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጸጋው ጢሙን አልተላጨም፤ ሹራቡን ገልብጦ ነው የለበሰው። ስለ አማራጭ ክፍትነት ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ በሩ ተከፈተና ፍቅርአዲስ ገባች። የሥራ ነጭ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ማንንም ሰላም ሳትል ሄዳ ወለተ ሐዋርያት በለቀቀችላት ወንበር ማውዙ ፊት ቁጭ አለች።

ቪዲዮው ሄደ፣ ሄደና አባቷ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቆመ። ሁለቱ ቁልፍ ግድግዳው ላይ መጣ። «አይስጡ»ን ተጫነች።

ክፍሉ «ውይ!» አለ።

«አንተ!» አሉ መሪጌታ ከግድግዳው። «የማን ልጅ ነህ?» የተቀመጡት መሪጌታ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ፍቅርአዲስ እጆቿን አጣጥፋ ታዳምጣለች። ሰው ሁሉ አሁን ትመለሳለች፣ አሁን ትመለሳለች ይላል፤ አትመለስም። የመሪጌታን ምክር ሰማች፣ የአቶ ባዘዘውን ሰማች፣ ጠላው ሲጠጣ አየች። ያን ጊዜ ነው ጸጋው ክው ያለው። ወደ ወለተ ሐዋርያት ተንጠራርቶ «መጨረሻዋን ቆርጠሻታል አይደል?» አላት።

«የተቀረጸ አይቆረጥም ብለው የለ መምህር?» አለችው።

ግድግዳው ላይ ጋቢው ተገለጠ። ፀጉሩ የተንጨባረረ ሰውዬ ብቅ አለ። «ሁለተኛው መንገድ ለምን አስፈለገህ?» አሉት መሪጌታ።

«ልቤ ከእሷ ሌላ አያውቅም አባቴ» አለ የግድግዳው ጸጋው። «ሉማሜ ስወርድ የጤና ጣቢያዋ አጥር ጥግ ቆሜ ነጭ ጫማዋን ሳይ እግዜር ራሱ የመጣ ይመስለኛል። ግን የምታየኝ ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ደኅና ሰው ነኝ፤ ተላጭቼ፣ ጨዋታ አዘጋጅቼ ነው የምሄድ። ሰኞና ማክሰኞ ምን እንደምመስል አታውቅም። ካገባችኝ ታየኛለች። አይታ ትሰለቸኛለች። ይኸን ነው የምፈራ።»

«ይኸን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት!»

«እውነት ነው!»

ቪዲዮው አለቀ፤ ሁለቱ ቁልፎች ተመልሰው ግድግዳው ላይ ቆሙ። ፍቅርአዲስ ዞረች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። ያልተላጨ ጢሙን፣ የተገለበጠ ሹራቡን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለች።

ጸጋው ደረቱን ነካ፤ ሹራቡ መገልበጡን ያኔ ነው ያወቀው።

«አየሁህ እንግዲህ። ያን ያህል አታስፈራም። አሁን ና፣ ይኼን ሁለተኛውን ቁልፍ አጥፋው። እኔ እያየሁ።»

«ፍቅርአዲስ፣ ሥራው የቆመው በሁለቱ ነው… የተማሪዎቹ ውጤት…»

«ውጤቱ ይቅርብን!» አለች ወለተ ሐዋርያት ከኋላ። ክፍሉ በሙሉ «ይቅርብን!» አለ።

ጸጋው ማውዙን ያዘ። «አይስጡ»ን መረጠ፣ ሰርዝ አለው። ማሽኑ ግን ማሽን ነውና ግድግዳው ላይ ጥያቄ ጻፈ፤ «በእርግጥ ይሰረዝ? አዎ / አይ»።

«ደግሞ ሁለት?» አሉ መሪጌታ ከዘራቸውን እየጨበጡ።

ጸጋው አየው፣ አየው። «አዎ»ን ተጫነ።

ቁልፉ ጠፋ። ከቁልፉ ጋር የሽማግሌዎቹ ምክር ጠፋ፤ ከምክሩ ጋር ጸጋው ጋቢው ሥር የተናገረው ሁሉ ጠፋ።

«ሄደ» አለች ፍቅርአዲስ። ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። «በል እንግዲህ፣ በአፍህ ደግመህ ልትነግረኝ ነው።»

ወለተ ሐዋርያት ካሜራዋን ወደ ዐይኗ አነሣች። መሪጌታ ግን ቀደሟት፤ ያንኑ የሦስተኛውን ሽማግሌ ጋቢ ገፈፉና ልጅቱን ከነካሜራዋ ሸፈኗት። «አሁን የለሽም» አሏት።

ጸጋውም ነገራት። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር ከኋላ የተቀመጥን አልሰማንም። ከፊት የተቀመጡት፣ ጆሯቸው ከበድ ያለው ሽማግሌ ግን «እውነት ነው!» አሉ።